ዋስ የሌለው ገበያ

በ2010 ጥቂት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጠንቃቃ ሸማች ፈጽሞ የማያደርገውን ነገር ሥራዬ ብለው ያዙ። ሰው ሁሉ ሳያነብ የሚሰርዘውን የኢሜይል ማስታወቂያ እየከፈቱ፣ ወደ ተጠቆሙት ድረ ገጾች እየገቡ፣ የካርድ ቁጥር እየሞሉ ዕቃ ማዘዝ ጀመሩ። የሚያዙት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መድኃኒት፣ የታዋቂ ሰዓቶች አስመስሎ ሥራና ያለ ፈቃድ የተቀዳ ሶፍትዌር ነበር። የሳን ዲዬጎዎቹ ስቴፋን ሳቬጅና ጄፍሪ ቮልከር፣ የበርክሌዩ ቨርን ፓክሰንና ባልደረቦቻቸው በዚህ መንገድ 120 ግዢ ሞከሩ። 76ቱን ካርዱ ተቀበለ፤ በ56ቱ ደግሞ ገንዘቡ እስከ ሻጩ ሂሳብ ዘለቀ። (በዚህ ምዕራፍ ዓመቶቹና ወራቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ አዋጆች ብቻ በራሳችን አቆጣጠር ተጠቅሰዋል።)

ተመራማሪዎቹን ያጓጓቸው በፖስታ የሚመጣው ዕቃ አልነበረም። አንድ ሰው በካርድ በከፈለ ቁጥር ገንዘቡን ለሻጩ የሚቀበል አንድ ባንክ አለ፤ ያ ባንክ ደግሞ መለያ ቁጥሩን በክፍያው መዝገብ ላይ ይተዋል። ካርዱን ከሰጣቸው ተቋም ጋር ተስማምተው ስለነበር እያንዳንዱ ክፍያ የት እንዳረፈ ማየት ቻሉ። የጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ሁሉ የማጭበርበር ንግድ ከሥሩ ለማድረቅ ከተፈለገ የትኛውን ሥር መቁረጥ ይሻላል?

ገንዘቡ የሚያልፍበት በር

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ እስከዚያ ድረስ ግን በውሉ የመለሰው አልነበረም። በኢንተርኔት የሚሸጥ አጭበርባሪ ብቻውን አይቆምም። የድረ ገጹን ስም የሚመዘግብለት ድርጅት አለ፤ ገጹን የሚያስቀምጥለት ሰርቨር አለ፤ ደንበኛ የሚስብለት ማስታወቂያ አሰራጭ አለ፤ ገንዘብ የሚቀበልለት ባንክ አለ፤ ዕቃ የሚልክ ከሆነም አቅራቢ አለው። ተመራማሪዎቹ ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጉ የማስታወቂያ አድራሻዎችን ሰብስበው ይህን ሰንሰለት ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘረጉት። የስም መዝጋቢዎችና የሰርቨር አከራዮች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይከፈታል። ባንኮቹ ላይ ሲደርሱ ግን ሰንሰለቱ ጠበበ። በጥናቱ ውስጥ ከተካተተው ሽያጭ ከ95 በመቶ የሚበልጠውን ክፍያ የሚቀበሉት ሦስት ባንኮች ብቻ ነበሩ፦ አንዱ በአዘርባጃን፣ አንዱ በላትቪያ፣ አንዱ በካሪቢያን ባሕር ባለችው ሴንት ኪትስና ኔቪስ።

የዚህ ልዩነት ምክንያት ግልጽ ነው። አዲስ የድረ ገጽ ስም በጥቂት ዶላር በደቂቃዎች ውስጥ ይገዛል። አጠራጣሪ ነጋዴን የሚቀበል ባንክ ማግኘት ግን ጊዜ፣ ወረቀት፣ መያዣ ገንዘብና ትውውቅ ይጠይቃል። ድረ ገጹን የዘጋ ሰው አጭበርባሪውን ለሰዓታት ያዘገየዋል፤ የክፍያውን በር የዘጋ ሰው ግን ለወራት ያቆመዋል።

ግኝቱ በወረቀት ላይ አልቀረም። የንግድ ምልክታቸው የተሰረቀባቸው ኩባንያዎች በዚያው ዘዴ የሙከራ ግዢ እየፈጸሙ፣ የትኛው ባንክ ገንዘቡን እንደተቀበለ እያስመዘገቡ ለቪዛና ለማስተርካርድ ማመልከት ጀመሩ። የካርድ ድርጅቶቹም ባንኩን ይጠይቃሉ፤ ባንኩ ቅጣቱን ፈርቶ የነጋዴውን ሂሳብ ይዘጋል። በ2012 የወጣው ተከታይ ጥናት ይህ እርምጃ በትጋት ሲወሰድ ሕገ ወጥ ሻጮቹ ደንበኛ እያላቸው ገንዘብ የሚቀበሉበት ቦታ እንዳጡ አሳየ። በራሳቸው የመወያያ መድረክ ላይ አንዱ ቪዛ በናፓልም እያቃጠለን ነው ብሎ አማረረ።

ሌላም ትምህርት ነበረው። ይኸው ቡድን በ2008 አንድ የተጠለፉ ኮምፒውተሮች መረብ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ የማስታወቂያዎቹን ውጤት ለክቶ ነበር። በ26 ቀናት ወደ 350 ሚሊዮን የሚጠጋ ኢሜይል ተላከ፤ ወደ ግዢ የደረሱት 28 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ይህ ለአንድ ሱቅ ሞት ነው። ኢሜይል መላክ ምንም የማያስወጣው ሰው ግን በዚያም ያተርፋል። የኢንተርኔት ማጭበርበር ኢኮኖሚ እዚህ ላይ የቆመ ነው፤ አጥፊው በጣም ትንሽ ያገኛል፣ ሕዝቡ በጣም ብዙ ይከፍላል። የካምብሪጁ ሮስ አንደርሰንና ባልደረቦቹ በ2012 እንዳሰሉት፣ በ2010 ከዓለም ያልተፈለገ ኢሜይል አንድ ሦስተኛውን የሚልከው መረብ ለባለቤቶቹ ያስገባው ወደ 2.7 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዓለም ያን ዓይነቱን ኢሜይል ለመከላከል ያወጣው ግን ከቢሊዮን ዶላር ሳይበልጥ አልቀረም። እነ አንደርሰን ከዚህ ተነስተው ያቀረቡት ምክር በመከላከያ ሶፍትዌር ላይ ከሚፈሰው ገንዘብ ተቀንሶ ወንጀለኛውን አድኖ ለመያዝ ይዋል የሚል ነው።

ሻጭን አለማወቅ

ይህ ችግር ከኮምፒውተር በፊትም ነበር። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ጥናት ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አስረዳው። ሻጩ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለማያውቅ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል፤ ዋጋው ዝቅ ሲል ጥሩ መኪና ያለው ሰው ገበያውን ትቶ ይወጣል፤ የሚቀረው ብልሹው ይሆናል። አጭበርባሪው የሚጎዳው የተጭበረበረውን ሰው ብቻ አይደለም። ሐቀኛውን ነጋዴም ከገበያ ያስወጣል። አከርሎፍ በዚህ ሥራው በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ኢቤይ በ1995 ሲከፈት የገጠመው ይኸው ነው፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ሳይተያዩ ይገበያያሉ። በዓመቱ የተዘረጋው መፍትሔ ገዢና ሻጭ አንዱ ስለ ሌላው አስተያየት የሚተውበት መዝገብ ነበር። መዝገቡ ዋጋ እንዳለው ለማረጋገጥ የሚቺጋኑ ፖል ሬስኒክና ባልደረቦቹ ሙከራ አደረጉ። አንድ ልምድ ያለው የድሮ ፖስት ካርድ ሻጭ ተመሳሳይ ካርዶችን በከፊል በቆየው ስሙ፣ በከፊል ታሪክ በሌላቸው አዳዲስ ስሞች እንዲሸጥ አደረጉ። ገዢዎች ለታወቀው ስም 8.1 በመቶ ያህል አብልጠው ከፈሉ። መልካም ስም በእውነት ገንዘብ ነው።

ገንዘብ የሆነ ነገር ሁሉ ግን ይመሰላል። ዛሬ የሐሰት አስተያየት ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። ሼሪ ሄ፣ ብሬት ሆለንቤክና ዳቪዴ ፕሮሰርፒዮ የተባሉ ተመራማሪዎች አማዞን ላይ የሚሸጡ ነጋዴዎች በፌስቡክ ዝግ ቡድኖች ውስጥ አስተያየት የሚገዙበትን ገበያ አጥንተዋል። ነጋዴው ሰዎችን ዕቃውን እንዲገዙና አምስት ኮከብ እንዲሰጡት ይመለምላል፤ የከፈሉትንም ይመልስላቸዋል። ግዢው በቀጠለበት ጊዜ ውጤቱና ሽያጩ ከፍ ይላል፤ ሲቆም ግን እውነተኛ ገዢዎች የሚሰጡት የአንድ ኮከብ ቅሬታ ይበዛል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሐሰት አስተያየት መግዛትንና መሸጥን የሚከለክል ደንብ በነሐሴ 2024 አውጥቶ በጥቅምት ሥራ ላይ አውሏል።

75 ሺህ የሐሰት መደብሮች

ከአስተያየት ማጭበርበር አልፎ መደብሩ ራሱ ሐሰት የሚሆንበት ጊዜ ደግሞ አለ። በግንቦት 2024 መቀመጫውን በርሊን ያደረገ ኤስ አር ላብስ የተባለ የደኅንነት ጥናት ድርጅት ቦገስባዛር ብሎ የሰየመውን መረብ አጋለጠ። የእንግሊዙ ጋርዲያን፣ የጀርመኑ ዲ ሳይትና የፈረንሳዩ ለ ሞንድ መረጃውን መርምረው በአንድነት አወጡት። መረቡ ከ75 ሺህ በላይ የድረ ገጽ ስሞችን ተጠቅሟል። ከ850 ሺህ በላይ ሰዎች ሰለባው ሆነዋል፤ አብዛኞቹ የምዕራብ አውሮፓና የአሜሪካ ነዋሪዎች ናቸው። ከ2021 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ትእዛዝ ተቀብሏል፤ የትእዛዞቹ ጠቅላላ ዋጋ ከ50 ሚሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ ተገምቷል።

አሠራሩ የሚያስገርም የሥራ ክፍፍል አለው። አንድ ጥቂት ሰዎች ያሉት ማእከላዊ ቡድን ሶፍትዌሩን ይሠራል፣ ሰርቨሩን ያዘጋጃል፣ አዲስ መደብር በፍጥነት የሚከፈትበትን መሣሪያ ያቀርባል። ዕለታዊውን ሥራ የሚያካሂዱት ደግሞ ይህን መሣሪያ ተቀብለው የሚሠሩ ብዙ ቡድኖች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከቻይና እንደሚሠሩ ተመራማሪዎቹ ደርሰውበታል። መደብሮቹ የታወቁ የጫማና የልብስ ምርቶችን በማይታመን ቅናሽ ያቀርባሉ።

ስም አመራረጣቸውም ብልሃት አለበት። ባለቤቱ ሳያድሰው የቀረ፣ ቀድሞ በጉግል ዘንድ መልካም ቦታ የነበረው የድረ ገጽ ስም ፈልገው ይገዛሉ። ሰዎች ለዓመታት ያመኑት ስም በአንድ ሌሊት የጫማ መሸጫ ይሆናል፤ የፍለጋ ሞተሩም የቆየውን እምነት ለአዲሱ ባለቤት ያስተላልፋል።

አዝመራው ደግሞ ሁለት ነው። አንዳንዱ መደብር የሐሰት የክፍያ ገጽ አውጥቶ የካርድ ቁጥሩን፣ ከጀርባው ያለውን ሦስት አሃዝ ቁጥር ጭምር ይሰበስባል። ሌላው በታወቁ የክፍያ አገልግሎቶች በኩል ገንዘቡን ይቀበልና ዕቃ አይልክም፤ ወይም ርካሽ አስመስሎ ሥራ ይልካል። አንድ ሰው በሁለቱም ሊመታ ይችላል። መጀመሪያ የካርዱን ቁጥር ሰጥቶ ክፍያው አልተሳካም ይባላል፤ ቀጥሎ በሌላ መንገድ እንዲከፍል ይጋበዛል።

የክፍያው ገጽ ሲታገድ ገጹን ብቻ በሌላ ይተኩታል፤ መደብሩ እንዳለ ይቀጥላል። በካሊፎርኒያው ጥናት የታየው ነገር ይኸው ዳግመኛ መጣ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚሰበረውና በየጊዜው የሚጠገነው የክፍያው ክፍል ነው። በመደብሩ የሚጠየቀውም ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። 50 ዩሮ የተበላ ሰው ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም፤ ፖሊስም 50 ዩሮ ለማስመለስ ድንበር አይሻገርም። አጭበርባሪው ተስፋ የጣለው እዚህ ላይ ነው።

ዓይንን ማሠልጠን ለምን አይበቃም

ለዓመታት የተሰጠን ምክር የገዢውን ዓይን ማሠልጠን ነው፦ የፊደል ስሕተት ፈልግ፣ የቁልፉን ምልክት ተመልከት፣ ዋጋው እጅግ ከረከሰ ጠርጥር። የመጨረሻው ዛሬም ይሠራል። የቀሩት ግን ዘመናቸው አልፏል።

የቁልፉን ምልክት እንመልከት። ምልክቱ የሚናገረው በእርስዎና በድረ ገጹ መካከል ያለውን ንግግር ሌላ ሰው መስማት እንደማይችል ብቻ ነው። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ሐቀኛ ይሁን አይሁን አይነግርዎትም፤ ለቁልፉ የሚያስፈልገውን ምስክር ወረቀት አጭበርባሪውም በነፃ ያገኘዋል። ጉግል በ2021 ባደረገው ጥናት የምልክቱን ትክክለኛ ትርጉም የተረዱት ተሳታፊዎች 11 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በ2023 ምልክቱን ከክሮም የአድራሻ መስመር ላይ አንስቶ በሌላ የተካው በዚህ ምክንያት ነው።

የፊደል ስሕተቱ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የማይክሮሶፍቱ ተመራማሪ ኮርማክ ሄርሊ በ2012 አንድ ጥያቄ አነሳ፤ የውርስ ገንዘብ ላካፍልህ የሚሉ አጭበርባሪዎች ታሪኩ በመላው ዓለም ታውቆ ሳለ ለምን አሁንም ከናይጄሪያ ነን ይላሉ? መልሱ ሒሳባዊ ነው። እንዲህ ያለው ማጭበርበር ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ለሳምንታት መጻጻፍ ይጠይቃል፤ ስለዚህ አጭበርባሪው መጨረሻ ላይ የማይከፍለውን ሰው ከመጀመሪያው ማባረር ይፈልጋል። የማይረባ የሚመስለው ደብዳቤ ተጠራጣሪውን ያርቅለታል፣ የዋሁን ያስቀርለታል። የሐሰት መደብር ግን ከማንም ጋር አይጻጻፍም፤ አንድ ተጨማሪ ገዢ ምንም አያስወጣውም። ስለዚህ በተቻለው መጠን እውነተኛ መምሰል ይጠቅመዋል፤ ጽሑፉም ፎቶውም ያማረ ይሆናል። ለአንዱ ማጭበርበር የተማርነው ምልክት ለሌላው አያገለግልም ማለት ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ የሞራል ጥያቄ አለ። ጥበቃውን ሁሉ በገዢው ዓይን ላይ የጫነ አሠራር ሲከሽፍ ጥፋተኛ የሚያደርገው ገዢውን ነው። ገዢውም ይህን ስለሚያውቅ ተሸወድኩ ብሎ ለመናገር ያፍራል። ያልተነገረ ማጭበርበር አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ አይጠናም፤ ያልተጠና አይቆምም። ተጎጂን ማሳፈር አጭበርባሪውን ማገዝ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኪሳራው በማን ላይ ይውደቅ

በአገራችን ከማያውቁት ሰው ጋር ከባድ ነገር የሚዋዋል ዋስ ጥራ ይላል። ዋሱ ሰውየው ቢጠፋ ከገዛ ኪሱ የሚከፍል ነው። ስለዚህም ማንም ለማያውቀው ዋስ አይሆንም፤ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቃል፣ ያጣራል፣ ከፈረመ በኋላም ዓይኑን አይነቅልም። የዋስትና ጥበቡ እዚህ ላይ ነው፤ ኪሳራው የሚወድቅበት ሰው ጠባቂ ይሆናል። የኢንተርኔት ገበያ ደኅንነት ታሪክ ይህንን ዋስ የማፈላለግ ታሪክ ነው።

አሜሪካ በ1970 ባወጣችው ሕግ ካርዱ ያለ ፈቃዱ ጥቅም ላይ የዋለበት ሰው ከ50 ዶላር በላይ እንዳይጠየቅ ወሰነች፤ በ1974ቱ የክሬዲት ሂሳብ ሕግ ደግሞ ከፍሎ ዕቃው ያልደረሰው ሰው ክፍያውን የመቃወም መብት አገኘ። ባንኩ ገንዘቡን ከሻጩ ባንክ ያስመልሳል። የኢንተርኔት ንግድ ከመጀመሩ 20 ዓመት ገደማ በፊት የወጡት እነዚህ ሕጎች በኋላ ያን ንግድ ተሸከሙት፤ ሰዎች ለማያውቁት ድረ ገጽ የካርድ ቁጥራቸውን የደፈሩት ከኋላቸው የሚከፍል ስላለ ነው።

ሮስ አንደርሰን በ1990ዎቹ ያስተዋለው ነገር ይህን ያጠናክራል። በአሜሪካ ደንበኛ ከሂሳቤ ያላወጣሁት ገንዘብ ወጣ ሲል ማስረዳት የነበረበት ባንኩ ነው። በእንግሊዝ ግን ባንኮች ማሽናችን አይሳሳትም ይሉ ነበር፤ የማስረዳቱ ሸክም በደንበኛው ላይ ወደቀ። እንግሊዞቹ ባንኮች ለጥበቃ አብልጠው እያወጡ አብልጠው ተዘረፉ። ቅሬታውን የማያጣራ ባንክ ሠራተኞቹ ቸልተኛ ይሆናሉ፣ ጉድለቱንም አያየውም።

ቻይና ካርድ ባልተስፋፋበት ገበያ ሌላ መንገድ አገኘች። በ2003 የተከፈተው ታኦባኦ ገዢና ሻጭ የማይተማመኑበት መድረክ ነበር። በ2004 ራሱን የቻለ ኩባንያ የሆነው አሊፔይ የገዢውን ገንዘብ ተቀብሎ በመሐል ይይዛል፤ ገዢው ዕቃው ደርሶኛል ሲል ብቻ ለሻጩ ይለቅቃል። ሻጩ ገንዘቡ መኖሩን ያውቃል፤ ገዢው ገንዘቡ እንዳልሄደ ያውቃል።

ቅጽበታዊ የባንክ ዝውውር ሲስፋፋ ግን ዋሱ እንደገና ጠፋ። ገዢው ራሱ አዝዞ የላከው ገንዘብ በሰከንዶች ውስጥ ይደርሳል፤ አይመለስም። በብሪታንያ እንዲህ ካሉት ማጭበርበሮች በቁጥር ትልቁን ድርሻ የያዘው የግዢ ማጭበርበር ነው። መጀመሪያ በ2020 ከመላክ በፊት የተቀባዩን ስም የሚያረጋግጥ አሠራር ዘረጉ። ከጥቅምት 7 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ ባንኮች የተታለለውን ደንበኛ እስከ 85 ሺህ ፓውንድ እንዲክሱ ተገደዱ። የዚህ ሕግ ብልህ ክፍል ክፍፍሉ ነው፤ ካሳውን የላኪው ባንክና የተቀባዩ ባንክ እኩል ይካፈላሉ። ከዚያ በፊት የአጭበርባሪውን ሂሳብ የከፈተ ባንክ የሚያጣው ነገር እምብዛም አልነበረም። አሁን ያጣል፤ ስለዚህ ሂሳብ የሚከፍተው ማን እንደሆነ ማጣራት ይጠቅመዋል። ሲንጋፖርም በታኅሣሥ 2024 ኃላፊነቱን በባንኮችና በቴሌኮም ድርጅቶች ላይ የሚያከፋፍል ሥርዓት ጀምራለች።

ተቃውሞ አለ፤ መከበርም አለበት። ካሳ እንደሚያገኝ ያወቀ ገዢ ጥንቃቄ ሊያጓድል ይችላል፤ ተበዳይ መስሎ የሚያጭበረብርም አይጠፋም። የብሪታንያ ሕግ ከባድ ቸልተኝነት ያሳየን ሰው ከካሳው የሚያስወጣው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ የገዢው ስሕተት አንድ ነው፤ ባንኩ የሚያየው ግን በአንድ ሂሳብ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ የወረደውን የመቶ ሰው ስሕተት ነው። የማየት አቅም ያለው ወገን የማየት ግዴታም ሊኖርበት ይገባል።

ቴሌግራም ላይ የቆመው ገበያችን

ወደ አገራችን ስንመለስ መልኩ ይለያል። የኢትዮጵያ የኢንተርኔት ገበያ በአብዛኛው የቆመው በቴሌግራም ቻናሎች፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ገጾች ላይ ነው። ሻጩ ፎቶና ስልክ ቁጥር ያወጣል፤ ገዢው ይደውላል ወይም በውስጥ መስመር ይጽፋል። ክፍያው በባንክ መተግበሪያ ወይም በቴሌብር ይላካል። ቴሌብር በግንቦት 2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ እንዳፈራ ኢትዮ ቴሌኮም አስታውቋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በካርድ ሳናልፍ በቀጥታ ወደ ቅጽበታዊ ዝውውር ገባን። ብሪታንያ በሕግ እስክታርመው ድረስ የተሠቃየችበትን የማይመለስ ክፍያ መነሻችን አድርገነዋል ማለት ነው።

በእኛ ገበያ ማጭበርበሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። ገዢ ቅድሚያ ክፍያ ይልክና ሻጩ ያግደዋል፤ ወይም ፎቶው ላይ ያየው ስልክ ሌላ ሆኖ ይመጣለታል። ሻጭ በበኩሉ ከፍያለሁ የሚል ስክሪንሾት ይላክለትና ዕቃውን አስረክቦ ሂሳቡን ሲያይ ምንም የለም። የተቀነባበረ የክፍያ ምስል መሥራት ለማንም ቀላል ሆኗል፤ በሩጫ መሐል ያለ የሱቅ ልጅ ወይም ዕቃ የሚያደርስ ሞተረኛ ደግሞ ለማጣራት ጊዜ የለውም።

ሰዉ መንግሥትንም ባንክንም ሳይጠብቅ የራሱን መከላከያ አበጅቷል። ዕቃው ሲደርስ መክፈል በከተማ ውስጥ የተለመደ ነው፤ ገዢው አይቶ፣ ከፍቶ፣ ሞክሮ ይከፍላል። ሰው በሚበዛበት ቦታ መገናኘት፣ በሚያውቁት ሰው የተመከረ ሻጭ ብቻ መያዝ፣ ሱቁ በአካል የት እንዳለ መጠየቅ ሁሉ የዚህ ጥበብ ክፍል ነው። ግን ወሰን አለው። በአዲስ አበባ ለሚኖር የሚሠራው ለጎንደር፣ ለጅማ ወይም ለድሬዳዋ ገዢ አይሠራም፤ እሱ ከሩቅ ነውና ቀድሞ ይክፈል ይባላል። ጥሩ ዕቃ ያላት አዲስ ነጋዴም የሚያውቃት ስለሌለ ትቸገራለች። አከርሎፍ ያለው ደረሰ፤ አጭበርባሪው ሐቀኛውን ከገበያ እያስወጣ ነው።

በውጭ ለሚኖረው ወገናችንም ይህ እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ከማያውቀው ድረ ገጽ በክሬዲት ካርድ ሲገዛ የ1974ቱ ሕግ ከኋላው አለ። በዜል ወይም በሌላ የገንዘብ መላኪያ ሲከፍል ግን ራሱ ያዘዘው ዝውውር ስለሆነ በአብዛኛው አይመለስለትም። ለዚህ ነው አጭበርባሪ ሻጭ በካርድ አልቀበልም፣ በዚህ ላክልኝ የሚለው። አገር ቤት ላለ ዘመድ በቴሌግራም ስጦታ የሚያዝ ሰውም ያለው ከለላ አገር ቤት ካለው ገዢ የበለጠ አይደለም።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለልን በወንጀል ያስቀጣል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል፤ ስለዚህ የቴሌግራም ንግግርና የክፍያ ደረሰኝ ጠፍቶ መቅረት የለበትም፣ ማስረጃ ነው። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ከባንክ ሂሳብ ጋር እየተያያዘ መምጣቱም ሂሳብ በሐሰተኛ ስም መክፈትን ያከብደዋል፤ ሂሳቡን ለአጭበርባሪ የሚያከራይን ሰው ግን ብቻውን አያቆምም። የጎደለን ነገር ወንጀሉን ከመቅጣት በፊት ያለው ነው፦ ኪሳራውን የሚጋራ፣ ስለዚህም ቀድሞ የሚያጣራ ወገን።

ይህ ከአቅማችን በላይ አይደለም። የክፍያ መተግበሪያዎቻችን ቀድሞውኑ የተቀባዩን ስም ያሳያሉ። አንድ እርምጃ ጨምረው ለማያውቁት ሻጭ የሚከፈል ገንዘብ ዕቃው እስኪደርስ በመሐል የሚያዝበትን አማራጭ ቢያቀርቡ፣ የጎንደሯ ገዢና የአዲስ አበባዋ ነጋዴ ሳይተያዩ ሊገበያዩ ይችላሉ። ባንኮች ቅሬታ የቀረበባቸውን ሂሳቦች እርስ በርስ ቢያሳውቁ አንድ አጭበርባሪ ከባንክ ባንክ እየዞረ አይሠራም። ተመራማሪዎቻችን ደግሞ የካሊፎርኒያውን ዘዴ በራሳችን ገበያ ላይ ቢሞክሩት፣ ማለትም የሙከራ ግዢ ፈጽመው ገንዘቡ የት እንደሚያርፍ ቢከተሉ፣ የእኛም ሰንሰለት የት ላይ እንደሚጠብ እናውቅ ነበር።

ከመክፈል በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ያ እስኪሆን ድረስ የሚገዛም የሚሸጥም ሰው ማድረግ የሚችለው ነገር አለ። ሻጭ ከሆኑ ስክሪንሾትን እንደ ክፍያ አይቁጠሩ፤ ገንዘቡ መግባቱን በራስዎ ሂሳብ ላይ ይዩ፣ ወይም በደረሰኙ ላይ ያለውን የግብይት ቁጥር ያረጋግጡ። ገዢ ከሆኑ የሻጩ ስምና ገንዘቡን የሚቀበለው ሂሳብ ስም ካልተስማሙ ይቁሙ። አሁኑኑ ካልከፈልክ ሌላ ሰው ይወስደዋል የሚል ግፊት ሲመጣ ዕቃው ይለፍዎት። በውጭ አገር ከሆኑ ለማያውቁት ድረ ገጽ በክሬዲት ካርድ ብቻ ይክፈሉ፤ ካርዱን የሰጡበት ገጽ ካጠራጠረዎት ለባንክዎ ደውለው ያዘጉት።

ከተጭበረበሩም ዝም አይበሉ። ንግግሩን፣ የሻጩን ገጽ፣ የግብይት ቁጥሩን ሳይሰርዙ ያስቀምጡ፤ በዚያው ሰዓት ለባንክዎ ወይም ለክፍያ ድርጅቱ ያመልክቱ፤ ገንዘቡ ሳይወጣ ከተደረሰበት ሊታገድ ይችላል። ለፖሊስም ያስመዝግቡ። ገንዘቡ ትንሽ ነው ብለው አይተዉት፤ የእርስዎ 800 ብርና የሌሎች ሁለት መቶ ሰዎች 800 ብር በአንድ ሂሳብ ላይ ሲደመሩ ነው ወንጀሉ የሚታየው።

የፊደል ስሕተት መፈለግ ቀርቶ ከማንኛውም ክፍያ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ይህ ግዢ ቢበላሽ ገንዘቤን የሚመልስልኝ ማን ነው? መልሱ ባንኩ፣ የካርድ ድርጅቱ ወይም የገበያ መድረኩ ከሆነ ዋስ አለዎት፤ ይግዙ። መልሱ ማንም ከሆነ ዕቃውን በእጅዎ ሳይዙ አይክፈሉ። ይኸንኑ ጥያቄ ለባንኮቻችን፣ ለክፍያ ድርጅቶቻችንና ለሕግ አውጪዎቻችን ደግመን ደጋግመን ማቅረብ ይገባናል፤ በሌላው ዓለም ያሉት ባንኮችም ዋስ የሆኑት ሕግና ሕዝብ ስላስገደዳቸው ነው።